ሳይቃጠል በቅጠል፦ አንዲት ትንሽ ከተማ እሳት ማጥፋትን እንዴት ተማረች?

እስቲ አንድ ነገር በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ሌሊት ነው፣ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ድንገት አንድ ሰው «እሳት! እሳት! ኧረ የጎረቤት ያለህ!» ብሎ ይጮኻል። የሰፈሩ ሰው ጋቢውን ጣል እያደረገ ከየቤቱ ይወጣል። አንዱ ባልዲ ይዞ ይሮጣል። ሌላው አፈር ይበትናል። ሦስተኛው «ዕቃ አውጡ!» ይላል፣ አራተኛው ደግሞ «ተዉት፣ በሩን ዝጉት!» ይላል። መቶ ሰው ተሰብስቧል። ሁሉም መርዳት ይፈልጋል። እሳቱ ግን እየጨመረ ነው።

አሁን ጥያቄው ይሄ ነው፦ መቶ ሰው ተሰብስቦ፣ ሁሉም ቅን ልብ ኖሮት፣ እሳቱ እንዴት አሸነፈ?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ከሰጡት ሰዎች መካከል በደቡብ ምዕራብ ጀርመን የምትገኝ ዱርላኽ የምትባል ትንሽ ከተማ ነዋሪዎች ይገኙበታል። ታሪኩ የሆነው ከ180 ዓመት ገደማ በፊት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዱርላኽን ዛሬ ብትፈልጓት ካርልስሩኸ የሚባለው ትልቅ ከተማ አካል ሆና ነው የምታገኟት። ያኔ ግን ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፤ ነዋሪዎቿም ጥቂት ሺህ ብቻ።

ዱርላኽ እሳትን በደንብ ታውቀዋለች። በ1689 የፈረንሳይ ጦር አካባቢውን ሲያወድም ከተማዋን በእሳት አጋይቷታል። ከቃጠሎው በኋላ እንደገና ተሠራች፤ የግዛቱ ገዥ ግን በ1715 ካርልስሩኸን ቆርቁሮ መኖሪያውን ወደዚያ አዛወረ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ካርልስሩኸ ቤተ መንግሥትና ቲያትር ያላት ዋና ከተማ ስትሆን፣ ዱርላኽ አጠገቧ ያለች፣ ክብሯን የተነጠቀች ትንሽ ከተማ ሆና ቀረች። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

«ሁሉም ይምጣ» የሚለው ሕግ

በዚያ ዘመን በጀርመን ከተሞች እሳት ማጥፋት የሁሉም ሰው ግዴታ ነበር። ደወል ሲደወል አቅም ያለው ሁሉ መውጣት አለበት። በብዙ ከተሞች አንድ ሰው የከተማው ሙሉ ነዋሪ ተብሎ ሲመዘገብ ከቆዳ የተሠራ የእሳት ባልዲ ማቅረብ ነበረበት። ሰዎች ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ እስከ እሳቱ ድረስ ተሰልፈው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ሴቶችም ልጆችም በዚህ ሰልፍ ይሳተፉ ነበር።

ነገሩ ሲታይ መልካም ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? «ሁሉም ይምጣ» የሚለው ሕግ ማን ምን እንደሚሠራ አይናገርም። ማን መሰላል ይዞ ይወጣል? ማን ፓምፑን ይገፋል? ማን ያዛል? የወጣውን ዕቃ ከሌባ የሚጠብቀውስ ማን ነው? ይሄ ሁሉ የሚወሰነው እዚያው፣ እሳቱ ፊት፣ በጩኸት መሀል ነው። የሁሉም ሥራ የተባለ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል።

እንዲህ ያለው አሠራር በትልቅ እሳት ፊት ምን ያህል ደካማ እንደሆነ አውሮፓ በ1842 አየች። በግንቦት ወር በሐምቡርግ የተነሳ እሳት ለአራት ቀናት ያህል ነደደ። 51 ሰዎች ሞቱ፣ ወደ 1,700 የሚጠጉ ሕንጻዎች ወደሙ፣ 20,000 ያህል ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ሐምቡርግ ደሃ መንደር አልነበረችም፤ ወንዝ ዳር ያለች ሀብታም የወደብ ከተማ ነበረች። ውሃ አላነሳትም፣ ሰውም አላነሳትም።

ውሃ እሳትን የሚያጠፋው እንዴት ነው?

ወደ ዱርላኽ ከመሄዳችን በፊት ትንሽ ፊዚክስ እንነካካ። እሳት እንዲነድ ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ ያስፈልጉታል፦ የሚቃጠል ነገር፣ ኦክሲጅንና በቂ ሙቀት። ከሦስቱ አንዱን ካነሳችሁበት ይጠፋል። ውሃ በዋናነት የሚያነሳው ሙቀቱን ነው።

አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተነስቶ 100 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ 335 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ያ 100 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመቀየር ደግሞ 2,260 ኪሎጁል ያህል ይጨምራል። አያችሁት? ትልቁን ሥራ የሚሠራው ውሃው ሲተን ነው። በዚያ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ስለሚሆን፣ ኦክሲጅኑን ከእሳቱ ገፋ ያደርገዋል።

ስለዚህ ውሃው የሚቃጠለው ነገር ላይ ደርሶ እዚያው መትነን አለበት። የባልዲ ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። በባልዲ የምትደፉት ውሃ ምናልባት ሦስት ወይም አራት ሜትር ይሄዳል። የሚነድ ቤት ግን ከዚያ በጣም ርቆም ፊት ይለበልባል። ጣሪያው ላይ ያለውን እሳትማ በባልዲ አታገኙትም። ውሃው እሳቱ ላይ ሳይደርስ ግድግዳ አርጥቦ ይቀራል።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። ለማስላት ያህል አንድ እሳት በየደቂቃው እጥፍ ይሆናል እንበል። ከ5 ደቂቃ በኋላ የመጀመሪያውን 32 እጥፍ ይሆናል። ከ10 ደቂቃ በኋላስ? 1,024 እጥፍ! እውነተኛ እሳት እንዲህ ቀጥ ባለ ስሌት አይሄድም፤ የሚነደው ነገርና የሚገባው አየር ይወስኑታል። ቢሆንም ትምህርቱ አይለወጥም፦ «አንተ ያዝ፣ አንተ ልቀቅ» እየተባባሉ የሚያልፉት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሁሉም የከበሩ ናቸው።

አንድ መሐንዲስ፣ አንድ ፓምፕ

በ1842፣ ሐምቡርግ በተቃጠለችበት በዚያው ዓመት፣ ካርል ሜትስ የሚባል ወጣት መካኒክ በሃይደልበርግ ከተማ የእሳት ማጥፊያ ፓምፖችን የሚሠራ ፋብሪካ ከፈተ። ሜትስ ፈረንሳይ ውስጥ ሠርቷል፤ እዚያም የሠለጠኑ እሳት አጥፊዎችን አይቷል። ፓሪስ ውስጥ በ1810 የኦስትሪያ አምባሳደር ባዘጋጀው የዳንስ ግብዣ ላይ ከባድ እሳት ተነስቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ናፖሊዮን በ1811 በወታደራዊ ሥርዓት የሚመራ የእሳት አጥፊዎች ጦር አቋቁሟል። ፈረንሳዮች እሳት አጥፊውን «ፖምፒየር» ይሉታል፤ ፓምፕ የሚሠራ ሰው ማለት ነው።

የዚያ ዘመን ፓምፕ ሞተር የለውም። በጋሪ ላይ የተጫነ ሆኖ በግራና በቀኝ ረጃጅም የእንጨት መያዣዎች አሉት። በአንድ ወገን ያሉት ሰዎች ሲጫኑ በሌላው ወገን ያሉት ይነሳሉ፤ ልክ እንደ ልጆች ዥዋዥዌ። ውስጡ ሁለት ሲሊንደሮች አሉ። አንደኛው ውሃ ሲስብ ሌላኛው ይገፋል። በመካከላቸው ደግሞ አየር የታመቀበት ክፍል አለ። ይሄ ክፍል ብልጥ ሥራ ይሠራል፦ ፒስተኑ ሲገፋ አየሩ ይጨመቃል፣ ፒስተኑ ሲመለስ የተጨመቀው አየር ተዘርግቶ ውሃውን መግፋቱን ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት ውሃው «ጭር... ጭር...» እያለ ሳይቆራረጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በቱቦ ተመርቶም ጣሪያ ላይ ይደርሳል። ባልዲ ያልቻለውን ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ሰዎቹ ምት ካልጠበቁ ፓምፑ ይንገዳገዳል፣ ግፊቱም ይወድቃል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ክንዳቸው ይዝላል፤ ስለዚህ ውሃው ሳይቋረጥ የሚተካቸው ሌላ ቡድን አጠገባቸው መቆም አለበት። ቱቦውን የሚገጥም፣ አፈሙዙን የሚይዝ፣ መሰላል የሚወጣ ሰውም ያስፈልጋል። ሜትስ ይህን ስለሚያውቅ ፓምፕ ሸጦ ብቻ ዝም አላለም። ያልሠለጠነ ሰው እጅ ላይ የወደቀ ማሽን ዋጋ የለውም እያለ በጽሑፍም በቃልም ይሰብክ ነበር።

በ1846 ዱርላኽ ከሜትስ አንድ ፓምፕ ገዛች። ስሙ «የከተማ ፓምፕ ቁጥር 2» ይባላል። የከተማዋ ግንባታ ኃላፊ የነበረው ክርስቲያን ሄንግስት ነው። ሄንግስት ከፓምፑ ጋር አንድ ሐሳብም ይዞ ቀረበ፦ ሕዝቡን ሁሉ በግዴታ ከመጥራት ይልቅ፣ በፈቃዳቸው የሚመጡ ጥቂት ሰዎችን አስቀድመን እናሠልጥን።

ግዴታ ያልሠራውን ፈቃድ ሠራው

በፈቃዳቸው የተመዘገቡት ሰዎች ራሳቸውን «የፖምፒየር ጓድ» ብለው ጠሩ። ደመወዝ የለም። ቀን ቀን እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይሠራል፤ በቀጠሮ ቀን ደግሞ ተሰብስቦ ይለማመዳል። ሥራው ተከፋፍሏል፦ መሰላል የሚወጡና ሰው የሚያወጡ አሉ፣ ፓምፑ ላይ የሚቆሙ አሉ፣ የወጣ ዕቃ የሚጠብቁና ሕዝቡን ገለል የሚያደርጉ አሉ። የሚያዝ አንድ አለቃ አለ። ደወሉ ሲደወል ማንም «እኔ ምን ልሥራ?» ብሎ አይጠይቅም፤ መልሱን ካለፈው ልምምድ ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «ይሄማ እድር ነው'ኮ!» ሳትሉ አትቀሩም። እውነታችሁን ነው፣ ይመሳሰላል። እድር የሚመሠረተው ሐዘን ከደረሰ በኋላ አይደለም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት ቀድሞ ተገዝቶ ይቀመጣል፤ ተረኛው ቀድሞ ይታወቃል፤ የቀረ ሰው ይቀጣል። ስለዚህ ሐዘኑ ሲደርስ ማንም ድንኳን ፍለጋ አይሮጥም። የዱርላኽ ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የተዘጋጁት ለእሳት መሆኑ ነው።

አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር አለ። ግዴታ ከፈቃድ ይበረታል ብለን ነው የምናስበው። በግዴታ የሚወጣ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ቅጣት ፈርቶ ነው፤ መጥቶ ከታየ በቃው። በፈቃዱ የገባ ሰው ደግሞ እሳት በሌለበት ቅዳሜም እሑድም ተነስቶ መሰላል መውጣት ይለማመዳል። የልዩነቱ ምንጭ የደወሉ ቀን ላይ ሳይሆን፣ ምንም ባልተፈጠረባቸው ቀናት ላይ ነው።

እውነቱን ለመናገር ዱርላኽ ብቸኛዋ አልነበረችም። በምሥራቅ በኩል በምትገኘው ማይሰን ከተማ በ1841 የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊና ነፍስ አዳኝ ጓድ ተመሥርቷል። «በጀርመን የመጀመሪያው የማን ነው?» የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ሞቅ ይላል። የዱርላኽን ስም በመላው አገሪቱ ያናኘው ግን አንድ ምሽት ነው።

ፌብሩዋሪ 28፣ 1847

ቀኑ እሑድ ነው። በካርልስሩኸ የሚገኘው የገዥው ቲያትር ቤት በተመልካች ተሞልቷል። ሕንጻው ውስጡ በአብዛኛው የእንጨት ሥራ ነው፤ መብራቱ ደግሞ ጋዝ። በዚያ ምሽት ሊታይ የነበረው ተውኔት ርዕስ፣ የነገር አጋጣሚ ሆኖ፣ ከምድር ውስጥ ራሱ ፈንድቶ ስለሚወጣ የውሃ ጉድጓድ የሚናገር ነበር።

መጋረጃው ሳይከፈት በገዥው ቤተሰብ ልዩ መቀመጫ አካባቢ የነበረ የጋዝ መብራት ነበልባል ጌጠኛውን ጨርቅ ያዘው። ጨርቁ እንጨቱን፣ እንጨቱ ጣሪያውን። ታች የነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ መውጣት ቻሉ። ርካሽ ቲኬት ቆርጠው ላይኛው ሰገነት የወጡት ግን ጭሱም ሙቀቱም ወደ እነሱ ነው የሄደው። ትኩስ አየር ቀላል ስለሆነ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይወጣል። በዚያ ላይ መውጫዎቹ ሁሉ ክፍት አልነበሩም፤ የተቆለፉ በሮች ነበሩ። ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ዋና ከተማዋ ካርልስሩኸ ወታደር ነበራት፣ ፓምፖች ነበሯት፣ ሕዝብም ነበራት። ያልነበራት አንድ ነገር ቢኖር አብሮ የሠለጠነ ጓድ ነው። ሕዝቡ ወጣ፤ ነገር ግን በዚያ ትርምስ ሥራ የሚያከፋፍል አልነበረም።

ጥሪው ከደረሳቸው አንዷ ዱርላኽ ነበረች። የሄንግስት ሰዎች የሜትስን ፓምፕ ይዘው መጡ። ሲደርሱ ቲያትር ቤቱ መዳን ከማይችልበት ደረጃ አልፏል። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፦ የዱርላኽ ጓድ ሰገነቱ ላይ የነበሩትን ሰዎች አላዳነም። ለዚያ ሰዓቱ አልፎ ነበር። ያደረገው ነገር ሌላ ነው። ሰዎቹ ቦታ ቦታቸውን ያዙ፣ ቱቦውን ገጠሙ፣ በምት መግፋት ጀመሩ፤ ውሃውንም አጠገብ ላጠገብ ባሉት ሕንጻዎችና እሳቱ ሊሻገርባቸው በሚችልባቸው ቦታዎች ላይ አዋሉ። ቲያትር ቤቱ ያለው ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ነበር፤ እሳቱ ቢሻገር ኖሮ ጥፋቱ ከዚህ በብዙ ይከፋ ነበር። አልተሻገረም።

አሁን ቅድም ልብ በሉ ያልኳችሁን አስታውሱ። ቤተ መንግሥቷን ተነጥቃ ትንሽ ሆና የቀረችው ዱርላኽ፣ ያ ቤተ መንግሥት የተሠራባትን ዋና ከተማ ልትረዳ መጣች። ባዶ እጇን ከመጣ ሕዝብ ይልቅ ጥቂት የተለማመዱ ሰዎች የበለጠ ሠሩ።

ብዙ ሰው ሲኖር ለምን እንፈዛለን?

«ብዙ ሰው መኖሩ እንዴት አይጠቅምም?» የሚለውን ጥያቄ ከብዙ ዘመን በኋላ ሳይንቲስቶችም አንስተውታል። በ1968 ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አሳተሙ። ተማሪዎችን መጠይቅ እንዲሞሉ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው። ትንሽ ቆይቶ ከግድግዳው ቀዳዳ ጭስ መግባት ይጀምራል።

ተማሪው ብቻውን ሲሆን ከ100ው 75ቱ ወጥተው «ጭስ አለ» ብለው ተናገሩ። ሦስት ተማሪዎች አብረው ሲቀመጡስ? ቁጥሩ ይጨምራል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ከቡድኖቹ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ተነስቶ የተናገረባቸው 38 በመቶው ብቻ ናቸው። አብረዋቸው የተቀመጡት ሁለት ሰዎች አስቀድሞ ዝም እንዲሉ የተነገራቸው ሲሆኑ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 10 በመቶ ወረደ። ክፍሉ በጭስ እየታፈነ፣ ዓይናቸውን እያሹ፣ መጠይቁን መሙላት ቀጠሉ!

ምክንያቱ ክፋት አይደለም። እያንዳንዱ የሌላውን ፊት ያያል፤ ሌላው ካልደነገጠ «ምንም አይደለም ማለት ነው» ይላል። ሌላውም እሱን አይቶ እንደዚያው ያስባል። ኃላፊነቱ ለሦስት ሲከፈል ለአንዱ የሚደርሰው ትንሽ ይሆናል። ሄንግስትና ሜትስ ይህን ሙከራ አላዩትም፤ መድኃኒቱን ግን አግኝተውት ነበር፦ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የተወሰነ ሥራ መስጠት። «አንድ ሰው ፓምፑን ይያዝ» ማለትና «የግራውን ፓምፕ መያዣ የምትይዘው አንተ ነህ» ማለት በጣም ይለያያል።

ሐሳቡ ሲዛመት

የካርልስሩኸ ሰዎች ትምህርቱን ለመውሰድ ጊዜ አላጠፉም። በዚያው በ1847 የራሳቸውን የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ጓድ አቋቋሙ። ከዚያ ሌሎች ከተሞች ተከተሉ። ሜትስም ከከተማ ከተማ እየዞረ ፓምፑን ከነሥልጠናው አስተዋወቀ።

ብዙዎቹ ጓዶች የተወለዱት ከስፖርት ማኅበራት ነው። አስቡት፣ በገመድና በእንጨት ላይ መንጠላጠል የለመደ የጂምናስቲክ ወጣት መሰላል ላይ መውጣት አይቸግረውም። ኡልም በምትባል ከተማ ይኖር የነበረው ነጋዴ ኮንራድ ዲትሪኽ ማጊሩስ ከነዚህ አንዱ ነው። በ1853 ፕሎኺንገን በምትባል ትንሽ ከተማ የተለያዩ ጓዶችን ተወካዮች ሰብስቦ ልምድ እንዲለዋወጡ አደረገ። የጀርመን እሳት አጥፊዎች ማኅበር ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ስብሰባ ነው። ማጊሩስ በኋላ መሰላል መፈልሰፍ ላይ አተኮረ፤ በጎማ እግር የሚገፋና ወደ ላይ የሚዘረጋ መሰላሉ ስሙን አስጠራው።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1848 እና በ1849 በጀርመን ግዛቶች አብዮት ተነሳ፤ ዱርላኽ ራሷ በ1849 የጦር ሜዳ ሆናለች። አብዮቱ ሲከሽፍ ገዥዎቹ ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ የሚሰበሰቡበትን ማኅበር ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ጀመሩ። ብዙ የስፖርት ማኅበራት ተዘጉ። እሳት አጥፊዎቹ ግን የማይካድ ጥቅም ስለነበራቸው ሐሳቡ ሊጠፋ አልቻለም።

ጓዱ ቆሞ ያየበት ሌሊት

ታሪኩን እዚህ ላይ ብንዘጋው ደስ ይል ነበር። ግን ሐቀኛ አይሆንም።

ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ እሳት አጥፊዎችን ቀስ በቀስ ከሕዝቡ እጅ አውጥተው የፖሊስ አካል አደረጓቸው። በ1938 በወጣው ሕግ የበጎ ፈቃድ ጓዶች የፖሊስ ረዳት ሆኑ፤ ነጻ ማኅበርነታቸው አበቃ። ዱርላኽም በዚያው ዓመት ወደ ካርልስሩኸ ተጠቃላ ራሷን የቻለች ከተማ መሆኗ ቀረ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር 9 ሌሊት በመላው ጀርመን የአይሁድ ምኩራቦች ተቃጠሉ። እሳት አጥፊዎች በብዙ ቦታ መጡ። ፓምፕ ነበራቸው፣ ሥልጠና ነበራቸው፣ ምን መሥራት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። የተሰጣቸው ትእዛዝ ግን ምኩራቡን ትታችሁ በዙሪያው ያሉትን ቤቶች ብቻ ከእሳት ጠብቁ የሚል ነበር። እናም ቆመው አዩ።

በ1847 የዱርላኽ ሰዎች ለአጠገቡ ሕንጻ ውሃ የረጩት ቲያትሩን ማዳን ስላልቻሉ ነው። በ1938 ግን ምኩራቡን ማዳን እየተቻለ ተከለከለ። ሙያው ያው ነው፣ መሣሪያው እንዲያውም የተሻለ ነው። የተለወጠው «ጎረቤት ማነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው። ዝግጅትና ሥርዓት ትልቅ ነገር ናቸው፤ ለማን እንደምንዘጋጅ ካልጠየቅን ግን ከጥፋት አያድኑንም።

ዛሬስ?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጓዶቹ ወደ ከተማና መንደር አስተዳደሮች ተመለሱ። ዛሬ ጀርመን ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊነት ያገለግላሉ። ደመወዝ የሚከፈላቸው እሳት አጥፊዎች የሚገኙት በዋናነት በትልልቅ ከተሞች ነው። በመንደርና በትንሽ ከተማ እሳት ሲነሳ የሚመጣላችሁ ዳቦ ጋጋሪው፣ መምህሩ፣ መካኒኩ ወይም ገበሬው ነው፤ ሥራውን ጥሎ፣ ልብሱን ቀይሮ። ለረጅም ዘመን በሩ የተዘጋባቸው ሴቶችም አሁን አባል ናቸው። ልጆችም የራሳቸው ክፍል አላቸው፤ በብዙ የአገሪቱ ግዛቶች ከ10 ዓመት ገደማ ጀምሮ መግባት ይቻላል። ቁጥራቸው ከ200,000 በላይ ነው። የዱርላኽ ጓድም በካርልስሩኸ እሳት አደጋ ሥር ዛሬም በስሙ አለ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። መቶ ሰው ተሰብስቦ እሳቱ ያሸነፈው፣ መቶውም የመጡት እሳቱ ከተነሳ በኋላ ስለሆነ ነው። የዱርላኽ ሰዎች እሳቱ ሳይነሳ ተሰበሰቡ። አባቶቻችን ይህን በሦስት ቃል እንኳን ሳይሆን በሁለት ጨርሰውታል፦ ሳይቃጠል በቅጠል። በቅጠል መትተህ የምታጠፋው እሳት፣ ትንሽ ከቆየህ ወንዝ ሙሉ ውሃም አይበቃውም።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ አሁን ያላችሁበት ቤት ወይም ክፍል መውጫው ስንት እንደሆነ ቁጠሩ፤ የተቆለፈ ካለም ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የአካባቢያችሁን የእሳት አደጋ ስልክ ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። ሦስተኛ፣ ዛሬ ማታ እራት ላይ ቤተሰባችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «እሳት ቢነሳ አያትን የሚያወጣው ማን ነው? የሚደውለውስ? ውጭ ወጥተን የምንገናኘው የት ነው?»

«ሁላችንም» የሚል መልስ ካገኛችሁ አትቀበሉ። ስም ይጠራ።